የማይነር ሊግ ቤዝቦል ቡድን፦ ባለቤቱ ምን ያዛል? ማናጀሩስ የማን ሠራተኛ ነው?

የአሌክሳንድሪያው

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ስለ ኦርዮልስ (የባልቲሞር ሜጀር ሊግ ቡድን) በተከፈተው ክር ውስጥ ተጀምሮ ስለተቀበረ ለብቻው ከፈትኩት። ከእግር ኳስ የምናውቀው ግልጽ ነው፤ ክለቡ የባለቤቱ ነው፣ አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፣ ተጫዋች ያስፈርማል፣ ይሸጣል። ማይነር ሊግ ቤዝቦል (ከሜጀር ሊግ፣ ማለትም ከዋናው ሊግ ሥር ያሉት ደረጃዎች) ላይ ግን ሰውየው ቡድኑን በሚሊዮኖች ገዝቶም ማን ይሰለፍ ብሎ አንዲት ቃል መናገር አይችልም ይባላል። እውነት ከሆነ ታዲያ የገዛው ምኑን ነው? ማናጀሩስ የማን ሠራተኛ ነው? ሥራውን የምታውቁት ሳትቆጥቡ ብታስረዱን።

ሦስተኛ_ቤዝ

ወንድሜ የሰማኸው ትክክል ነው። መጀመሪያ ስሙን እንለይ፤ ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከስሙ ነው።

ዩኒፎርም ለብሶ ሜዳ ላይ ቡድኑን የሚመራው ሰው «ማናጀር» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ዋና አሰልጣኙ ነው። ቢሮ ሆኖ ትኬት፣ ስፖንሰር፣ ምግብና መጠጥ፣ ሠራተኛና ስታዲየም የሚያስተዳድረው ደግሞ «ጀነራል ማናጀር» ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁ መሆኑ ነው። በሜጀር ሊግ ጀነራል ማናጀር ማለት ተጫዋች የሚያስፈርምና የሚለዋውጥ ሰው ነው። በማይነር ሊግ ይህንኑ ስም የያዘው ሰው አንድም ተጫዋች አይነካም። የባለቤቱ ቅጥር እሱ ነው። ማናጀሩ ግን የባለቤቱ ሠራተኛ አይደለም።

ማናጀሩን፣ ረዳት አሰልጣኞቹን፣ የሕክምና ባለሙያውንና ተጫዋቾቹን በሙሉ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍለው ሜጀር ሊግ ያለው እናት ክለብ ነው። ከ2021 ወዲህ 30ዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው አራት አራት ቡድን በሥራቸው አላቸው፤ ከላይ ወደ ታች ትሪፕል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ሃይ ኤ እና ሲንግል ኤ። በጠቅላላው 120። ኦርዮልስን ካነሳህ፣ ኖርፎክ ታይድስ ትሪፕል ኤው ነው፣ ቦዊ ከተማ የሚጫወተው ቼሳፒክ ቤይሶክስ (እስከ 2024 ቦዊ ቤይሶክስ ይባል የነበረው) ደብል ኤው ነው። ቤይሶክስ ላይ የሚጫወተው ልጅ ፊርማው ያለው ባልቲሞር ነው። ነገ ጠዋት ወደ ኖርፎክ ሂድ ቢባል የቤይሶክስ ባለቤት እንደ ማንኛውም ሰው ዜናውን ይሰማል እንጂ አይጠየቅም።

ባለቤቱ የገዛው በዚያ ደረጃ የማጫወት ፈቃዱን፣ የቡድኑን ስምና አርማ፣ የስታዲየሙን የኪራይ ውል፣ እንዲሁም በበሩ የሚገባውን ገንዘብ ነው። ጨዋታው ራሱ የሌላ ሰው ነው።

ቀኝ_ሜዳ

ታዲያ ማናጀሩስ ቢሆን ምን ሥልጣን አለው? የዕለቱ ወርዋሪ ከላይ ይታዘዛል፣ ስንት ኳስ እንደሚወረውር ከላይ ይታዘዛል፣ ማን በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት ከላይ ይታዘዛል። መልእክተኛ ነው ማለት አይቻልም?

ሦስተኛ_ቤዝ

አይቻልም፤ ለምን እንደማይቻል ከውሎው ልጀምር።

ጨዋታው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከሆነ ማናጀሩ እኩለ ቀን አካባቢ ክለብ ሃውስ (የቡድኑ መልበሻ ክፍል) ይገባል። መጀመሪያ ከሕክምና ባለሙያው ጋር ይቀመጣል፤ ማን ክንዱ ከብዷል፣ ማን ጭኑን ይዞታል። ቀጥሎ ከእናት ክለቡ የተጫዋች ልማት ክፍል ጋር ይነጋገራል። ዕቅዱ በጥቅሉ ከዚያ ይመጣል፤ ይህ ወርዋሪ ዛሬ ከ80 ኳስ አይለፍ፣ ያ ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ቤዝ ይሞከር፣ ያኛው ትናንት ስለወረወረ ዛሬ አይነካ። ማናጀሩ ያንን ዕቅድ ይዞ 9 ኢኒንግ (የጨዋታው ዙሮች) መሙላት አለበት፤ ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩን አስበው። የትሪፕል ኤና የደብል ኤ ንቁ ሮስተር (ለመጫወት የተመዘገቡት ዝርዝር) 28 ሰው ነው፣ የሃይ ኤና የሲንግል ኤ 30። ዛሬ ለመወርወር የተፈቀደላቸው ረዳት ወርዋሪዎች አራት ናቸው እንበል። ጀማሪው (ጨዋታውን የከፈተው ወርዋሪ) በሁለተኛው ኢኒንግ ብቻ 30 ኳስ ጣለ። ብዙ ክለቦች በአንድ ኢኒንግ ያን ያህል ያደከመውን ልጅ ያወጡታል፤ ክንዱ ሲዝል ትከሻውና ክርኑ የሚጎዳው በዚያች ሰዓት ስለሆነ ነው። አሁን 7 ኢኒንግ በአራት ሰው መሸፈን አለበት። ማንን መጀመሪያ ያስገባል? ሁለት ኢኒንግ የሚችለው የትኛው ነው? ነገስ ማን ይቀረዋል? ይህን የሚወስነው እሱ ነው፤ የሚወስነውም እዚያው ደግአውት (ሜዳው ዳር ያለው የቡድኑ መቀመጫ) ውስጥ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ነው። በስድስት ጨዋታ ሳምንት ማክሰኞ የተበላሸ የወርዋሪ ሒሳብ እስከ እሑድ ይከተለዋል።

በዚያ ላይ በብዙ ቡድን ሦስተኛ ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሯጭ የሚያስቆመውና የሚያስሮጠው ራሱ ማናጀሩ ነው። ኳስ መትቶ ወደ አንደኛ ቤዝ በሙሉ ኃይሉ ያልሮጠን ልጅ ከሜዳ የሚያወጣው እሱ ነው። ከጨዋታ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች ሪፖርት ይጽፋል። የአንድ ልጅ ዕድገት የሚወሰነው በቁጥር ብቻ አይደለምና የሪፖርቱ ክብደት ቀላል አይደለም።

ሌላው ሁሌም የሚያምሰው ድንገተኛ ዝውውር ነው። ትሪፕል ኤ ላይ ያለ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሷን የሚቀበለው) ወደ ሜጀር ሊግ ከተጠራ ከደብል ኤ አንድ ይወጣል፣ ከሃይ ኤ አንድ ይወጣል፣ እስከ ታች ይወርዳል። ጥሪው ብዙ ጊዜ ከጨዋታ በኋላ ሌሊት ነው የሚመጣው። ጠዋት ላይ አንዱ ማናጀር አንድ ካቸር ብቻ ቀርቶት ራሱን ያገኘዋል። ስለዚህ ጠንቃቃው ማናጀር ከወቅቱ መጀመሪያ አንስቶ ሌላ ቦታ ከሚጫወቱት አንዱን የካቸር ጓንት አስለምዶ ያቆየዋል።

ሕገ_ደንብ

የሦስተኛ_ቤዝን ሐሳብ የሚያጠናክር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1994 የቅርጫት ኳሱ ማይክል ጆርዳን ለደብል ኤው በርሚንግሃም ባሮንስ ሲጫወት ማናጀሩ ቴሪ ፍራንኮና ነበር። ጆርዳን በ127 ጨዋታ .202 መታ (ከአምስት ሙከራ አንዱ ገደማ ብቻ መሳካቱ ነው)፣ 51 ሯጭ አስገባ፣ 30 ቤዝ ሰረቀ። ለማሸነፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ.202 አማካይ 127 ጨዋታ የሚሰለፍ የውጭ ሜዳ ተጫዋች አይኖርም ነበር። በማይነር ሊግ ሚዛኑ ሌላ ነው፤ ሰውየው የሚሰለፈው እንዲማር ነው። ያው ፍራንኮና ከአሥር ዓመት በኋላ በ2004፣ እንደገናም በ2007 ቦስተንን የዓለም ሻምፒዮን አደረገ። ጂም ሌይላንድም ሜጀር ሊግ ከመድረሱ በፊት 11 ወቅት በዲትሮይት ማይነር ሊግ ቡድኖች ማናጀር ነበር። በ2022 ደግሞ ሬቸል ባልኮቬክ ታምፓ ታርፖንስን ስትመራ በእናት ክለብ ሥር ያለን ቡድን በማናጀርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ታምፓ ሲንግል ኤ ነው፤ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ከትምህርት ቤትና ከላቲን አሜሪካ አካዳሚዎች በቅርቡ የወጡ ናቸው። እዚያ ደረጃ ስፓኒሽ የማይችል ማናጀር ግማሽ ክለብ ሃውሱን በአስተርጓሚ ነው የሚመራው፤ እሷ ቋንቋውን ትችል ነበር።

የትኬት_መስኮት

የገንዘቡን ወገን እኔ ልያዝ።

በወቅት ውስጥ ትሪፕል ኤ 150 ጨዋታ አለው፣ ደብል ኤ 138፣ ሃይ ኤና ሲንግል ኤ 132። ግማሹ በራሱ ሜዳ ነው፤ 75፣ 69፣ 66 ቀን። ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በእነዚህ ቀናት ነው። የቢሮ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የስታዲየም ኪራይ፣ መድን፣ መብራት፣ ሣር፣ የጨዋታ ቀን ሠራተኞች፣ የቡድኑ አውቶቡስና ሆቴል በእሱ ላይ ናቸው። የተጫዋች ደመወዝ ግን አይነካውም። ይህ በ2023 በደንብ ታየ። ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራጅተው የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት ሲፈርሙ ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያ በትሪፕል ኤ ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር፣ በደብል ኤ ከ13,800 ወደ 30,250፣ በሃይ ኤ ከ11,000 ወደ 27,300፣ በሲንግል ኤ ከ11,000 ወደ 26,200 አደገ። ይህን ሁሉ የሸፈኑት እናት ክለቦቹ ናቸው። በነገራችን ላይ ልጆቹ ይገባቸው ነበር፤ በ11,000 ዶላር አትሌት ሆኖ መኖር የሚቻል ነገር አልነበረም።

ገቢው ከትኬት፣ ከምግብና መጠጥ፣ ከስፖንሰር፣ ከቲሸርትና ኮፍያ ነው። አዲስ ሥራ አስኪያጆች አዘውትረው የሚሠሩት ስሕተት ድል ለመሸጥ መሞከር ነው። ድሉ በእጃቸው አይደለም። በሰኔ አንደኛ የነበረው ቡድን በሐምሌ ሦስት ምርጥ ልጆቹ ወደ ላይ ከተጠሩበት ስምንተኛ ይሆናል። «የኛን ኮከብ ኑና እዩ» ብለህ ትልቅ ማስታወቂያ ከሰቀልክ ኮከቡ ማስታወቂያው ሳይወርድ ይሄዳል።

ለተመልካች የሚታደለው ቦብልሄድ (ጭንቅላቱ የሚወዛወዝ የተጫዋች አሻንጉሊት) ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፋብሪካው ናሙና ልኮ፣ አንተ አርመህ፣ ተመርቶና በመርከብ ተጭኖ እስኪመጣ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። በየካቲት ያዘዝከው 1,500 አሻንጉሊት በሐምሌ ሲደርስ ልጁ ሌላ ከተማ ነው፤ ይባስ ሲል ሌላ ክለብ ተሽጦ ማልያው ተቀይሯል። ስለዚህ የሚያዋጣው ቀድሞ በቡድንህ አልፎ አሁን ሜጀር ሊግ የገባን ተጫዋች ወይም የቡድኑን እንስሳ አርማ ማሠራት ነው። እሱ አይዛወርም።

ትክክለኛውን መንገድ ማየት የፈለገ ዴይተን ድራጎንስን ይመልከት። ኦሃዮ ውስጥ ያለ ሃይ ኤ ቡድን ነው። በ2000 ሜዳው ከተከፈተ ጀምሮ ትኬቱ በየጨዋታው አልቋል፤ በሐምሌ 2011 በ815ኛው ተከታታይ ሙሉ ሜዳ የፖርትላንድ ትሬይል ብሌዘርስን የአሜሪካ ስፖርት ክብረ ወሰን ሰበረ። በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ ያሸነፈበትም የተሸነፈበትም ወቅት ነበር፣ መቀመጫው ግን አልተለወጠም። ባለቤቶቹ የሸጡት ቤተሰብ ይዞ የሚመጣበትን ምሽት ነው።

ቀኝ_ሜዳ

ፒች ክሎክ (ወርዋሪው በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድደው ሰዓት) ከመጣ ጨዋታው ስላጠረ ቢራ ሻጮቹ ከሰሩ የሚባለውስ?

የትኬት_መስኮት

በ2022 በማይነር ሊግ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ጨዋታው በአማካይ 25 ደቂቃ ገደማ አጠረ። ችግሩ መጀመሪያ የሚታየው በሰልፉ ላይ ነው። ቀድሞ ሰው ተረጋግቶ ተሰልፎ ሆት ዶግ ይገዛ ነበር፤ አሁን ሁለት ኢኒንግ ቆሞ የጨዋታው ሩብ ካለፈበት ሁለተኛ ጊዜ አይሰለፍም። የምትከስረው ያንን ሁለተኛ ግዢ ነው።

መፍትሔውም በሰልፉ ላይ ነው። በር ከጨዋታው 60 ደቂቃ በፊት ይከፈት ከነበረ 90 ማድረግ። በአንድ ትልቅ መደብር አሥር ዓይነት ምግብ ከመሸጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ቦታዎች መክፈት፤ ምርጫ ሲበዛ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ያስባል። መጠጡን ከምግቡ መለየት። ክፍያውን በካርድ ብቻ ማድረግ። አልኮል ብዙ ቦታ 7ኛው ኢኒንግ ላይ ስለሚቆም ትልቁ ሽያጭ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ነው፤ ተጨማሪ ሰው የሚመደበው ለዚያ ሰዓት ነው።

ሣርና_አሸዋ

ማንም ያላነሳው ነገር ዝናብ ነው። ማናጀሩና ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት የሚጋጩበት ቦታ ይህ ነውና ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አየሩ ይፈቅዳል አይፈቅድም የሚለውን የሚወስነው ባለሜዳው ክለብ ነው። የባለሜዳው ቡድን የመቺዎች ተራ ዝርዝር ለዋና ዳኛው ከተሰጠ በኋላ ሥልጣኑ የዳኞቹ ይሆናል፤ ዋና ዳኛው ጨዋታውን ካቆመም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይጠብቅ መሰረዝ አይችልም።

ቅዳሜ ምሽት ነው፣ 6,000 ትኬት ተሽጧል፣ ደመና አለ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ተከፍቶ ሰው ቢገባ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ምግቡ ይሸጣል። ማናጀሩ ደግሞ ጀማሪ ወርዋሪውን አሟሙቆ፣ ሁለት ኢኒንግ አስወርውሮ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ቢያቋርጡት ያ ልጅ እንደማይመለስ ያውቃል። ክንድ ከሞቀ በኋላ ቀዝቅዞ እንደገና ሲነሣ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ የዚያ ልጅ የአምስት ቀን ዝግጅት በሁለት ኢኒንግ ያልቃል፣ ሌሎቹ ወርዋሪዎችም ያለ ቀናቸው ይገባሉ። ማናጀሩ ጥርጣሬ ካለ ከመጀመሪያው ዘግይቶ መጀመርን ይመርጣል። ልምድ ያላቸው ሁለቱ ሰዎች ከሜዳው ኃላፊ ጋር በአንድ የአየር ራዳር ፊት ቆመው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ይወስናሉ። ልምድ የሌላቸው ተራ በተራ ስልክ ይደዋወላሉ።

ከ2021 ወዲህ ያለው የስድስት ጨዋታ አሠራር (ማክሰኞ እስከ እሑድ፣ ሰኞ ዕረፍት) የአውቶቡስ ወጪ ቀንሷል፤ ዝናብን ግን አክብዶታል። እንግዳው ቡድን ከእሑድ በኋላ ምናልባት በዚያ ዓመት አይመለስም። የተሰረዘው ጨዋታ በማግስቱ እጥፍ ሆኖ ይካካሳል፤ ሁለቱም 7 ኢኒንግ ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ትኬት ነው። ያ ማለት የቅዳሜው ገቢ አይተካም፤ ትኬቱ ወደ ሌላ ቀን ይለወጣል፣ ያውም ባዶ ወንበር ወዳለበት ማክሰኞ።

አሁን ስለ ሸራው። የውስጥ ሜዳውን የሚሸፍነው ሸራ በተለምዶ 170 በ170 ጫማ ነው፤ 15 ሰው ካላነሰ፣ ነፋስ ካለ ደግሞ 20 ሰው ይፈልጋል። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ጀምሮ ነው የሚዘረጋው፤ ካለዚያ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ሸራውን እንደ ጃንጥላ ያነሣዋል፣ ጫፉን አጥብቆ የያዘ ሰውም አብሮ ይነሣል። ለዚህ ነው ማንኛውም ሠራተኛ ሸራው ከተነሣ መልቀቅ እንዳለበት አስቀድሞ የሚነገረው። ብዙ ክለብ የሜዳ ሠራተኞቹ ስለማይበቁ የቢሮውን ሠራተኛ ሁሉ፣ ትኬት ሻጩንና ስፖንሰር አፈላላጊውን ጨምሮ፣ ለሸራ ያሰልፋል። በማይነር ሊግ ሥራ አስኪያጅም ሸራ ይጎትታል።

ሸራው ፀሐይ ላይ በሣር ላይ ሲቆይ ሙቀቱ ከሥር ይታመቅና ሣሩን ያቃጥለዋል፤ ቢጫ መስመር ይቀራል። ዝናቡ እንደቆመ መነሣት ያለበት ለዚህ ነው። አፈሩ ላይ ኩሬ ከተገኘ ደግሞ በመጥረጊያ መግፋት ክልክል ነው። ውኃው አፈሩን ይዞ ወደ ሣሩ ጠርዝ ይሄድና ከጊዜ በኋላ ጠርዙ ላይ እንደ ከንፈር ያለ ጉብታ ይሠራል፤ መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ እዚያ ነክታ ወደ ተጫዋቹ ፊት ትዘላለች። ውኃው በስፖንጅ ወይም በእጅ ፓምፕ ይቀዳል፣ ከዚያ የተቃጠለ ሸክላ ፍርፋሪ ይበተናል። የሚመጣው በ50 ፓውንድ ከረጢት ነው። ከመጠን በላይ ከተበተነ በማግስቱ አፈሩ ልቅ ይሆንና ሯጭ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሲደርቅ ትርፉ ይጠረጋል።

የአሌክሳንድሪያው

ሣርና_አሸዋ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ዝርዝር የትም አላገኘሁም። አንድ ልጨምር፤ ታዲያ ባለቤቱ በእናት ክለቡ ላይ ምንም ማስገደጃ የለውም? ውሉ ላይ ምን ይላል?

ሕገ_ደንብ

የድሮውና የአሁኑ የተለያዩ ናቸው። እስከ 2020 ድረስ 160 ቡድኖች ነበሩ፣ ማይነር ሊግ የራሱ አስተዳደር ነበረው፣ የሁለት ወይም የአራት ዓመት ውል ሲያልቅ ባለቤቱ ሌላ እናት ክለብ መፈለግ ይችል ነበር። ይህን አሠራር የያዘው የሜጀር ሊግና የማይነር ሊግ ስምምነት መስከረም 30 ቀን 2020 በፈረንጅ አቆጣጠር አበቃ። በኮቪድ ምክንያት የዚያን ዓመት ወቅት አንድም ጨዋታ አልተደረገም፤ ባለቤቶቹ ያለ ገቢ ነበሩ። ሜጀር ሊግ አስተዳደሩን ራሱ ወሰደና 120 ቡድኖችን ብቻ በአሥር ዓመት ፈቃድ አስቀረ። የቀሩት ፈቃዱን አጡ። ፓዮኒየር ሊግ ራሱን የቻለ ሊግ ሆነ፣ አፓላቺያን ሊግ ወደ ኮሌጅ ተማሪዎች የበጋ ሊግ ተለወጠ።

ፈቃድ ካጡት መካከል የስታተን አይላንድ፣ የትራይ ሲቲ፣ የኖርዊችና የሴለም ካይዘር ባለቤቶች ሜጀር ሊግን ከሰሱ። ያጋጠማቸው ግድግዳ የ1922 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር፤ ቤዝቦልን ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ነፃ ያደረገው። በ2023 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊደርስ ሲል በስምምነት ተዘጋ። ብዙ ዓመት ተለፍቶበት የተገነባ ንግድ በአንድ ደብዳቤ ሲጠፋ የባለቤቱ ቅሬታ ቦታ ማጣቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው።

የአሁኑ ፈቃድ በባለቤቱ ላይ የሚጥለው ትልቁ ግዴታ ስታዲየም ነው። የመልበሻ ክፍል ስፋት፣ የቤት ውስጥ መምቻ ሥፍራ፣ ለሴት ሠራተኞች የተለየ መልበሻ ክፍል፣ የተጫዋቾች ወጥ ቤትና መመገቢያ፣ መብራት፣ ሁሉም ደረጃ ተሰጥቶት ቀነ ገደብ ተቀመጠለት። ስታዲየሙ ደግሞ በአብዛኛው የከተማው ወይም የካውንቲው ንብረት ነው። ስለዚህ ሜጀር ሊግ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ከንቲባውን ይጠይቃል፣ ከንቲባው ግብር ከፋዩን ይጠይቃል። ዩጂን፣ ኦሪገን ላይ በግንቦት 2024 ለአዲስ ሜዳ 15 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወደቀ።

ሰላም_ከሪችመንድ

ሕገ_ደንብ፣ የኛን ከተማ ረሳሃት። ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የዚህ ነገር መማሪያ ናት። በ1985 በተከፈተው ዘ ዳይመንድ ስታዲየም የአትላንታ ትሪፕል ኤ ቡድን ይጫወት ነበር። ስለ አዲስ ሜዳ ስምምነት ጠፍቶ ከ2008 ወቅት በኋላ ወደ ጆርጂያ፣ ግዊኔት ካውንቲ ሄደ። ከተማዋ በ2009 ቡድን አልነበራትም። በ2010 ደብል ኤው ፍላይንግ ስኩዊረልስ ከኮነቲከት መጣ፤ አዲስ ሜዳ ይሠራል ተብሎ የቆየው ንግግርም ካርማክስ ፓርክ ሆኖ ለ2026 ወቅት ደረሰ። አንድ ባለቤት ከተማውን ይዞ አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀበት ምሳሌ ነው።

በተቃራኒው ለከተማ የሚያዋጣ መንገድም አለ። ሃሪስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ በ1995 ቡድኑ ሊወሰድባት ሲል ራሷ በ6.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛችው፣ በ2007 በ13.25 ሚሊዮን ሸጠችው፣ ቡድኑም እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ኮለምበስና ቶሊዶ ላይ ባለቤቱ ካውንቲው ነው። ሮቸስተር ሬድ ዊንግስ ከ1957 ጀምሮ የነዋሪዎች አክሲዮን ነው። ባለቤት ማለት አንድ ሀብታም ሰው ብቻ አይደለም።

የትኬት_መስኮት

ትክክል ነሽ እህቴ። አሁን ግን ነፋሱ ወደ ሌላ ወገን ነው። በ2021 የተቋቋመው ዳይመንድ ቤዝቦል ሆልዲንግስ በ2022 ሲልቨር ሌክ ለተባለ ኢንቨስትመንት ድርጅት ተላልፎ ከ40 በላይ ቡድን ገዝቷል። ኖርፎክ ታይድስም ከእነሱ አንዱ ነው። ለአንድ ሥራ አስኪያጅ ጥቅም አለው፤ የትኬት ሶፍትዌር፣ የኮፍያ ግዢ፣ ትልቅ ስፖንሰር በጅምላ ይደራደሩለታል። የሚያሳስበው የከተማው ቁርኝት ነው። የሚሲሲፒ ብሬቭስ ከ2005 ጀምሮ ፐርል ከተማ ነበር፤ ኩባንያው ከ2024 ወቅት በኋላ ወደ ኮለምበስ፣ ጆርጂያ ወሰደው። ብዙ ቡድን ለያዘ ባለቤት አንዱን ማዛወር ሒሳብ ነው፣ አንድ ቡድን ብቻ ላለው ግን ቤት መልቀቅ ነው።

ቀኝ_ሜዳ

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ። ሜሪላንድ ያለ ማኅበራችን ለእንቁጣጣሽ የቤዝቦል ምሽት ቢያዘጋጅ ማንን እናናግር? ማናጀሩን?

የትኬት_መስኮት

ማናጀሩን አይደለም። የቡድን ትኬት ሽያጭ ክፍሉን ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሥራ የሚበዛባቸው እነሱ ናቸው፣ ቀኑም የሚያዘው ያኔ ነው። ቀኑን በጥንቃቄ ምረጡ። ሃይ ኤና ሲንግል ኤ በመስከረም የፈረንጅ መጀመሪያ ሳምንት ስለሚጨርሱ እንቁጣጣሽ ላይ በአካባቢያችሁ ያሉት የፍሬደሪክም የፍሬደሪክስበርግም ቡድኖች ተዘግተዋል። ደብል ኤ እስከ ወሩ አጋማሽ ስለሚሄድ ያላችሁ ቤይሶክስ ነው፤ እሱም የመጨረሻው ሳምንት በሜዳው ከሆነ። ፕሮግራሙ እንደወጣ መጀመሪያ ይህን እዩ። ካልሆነ ነሐሴ ውስጥ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ያለውን ቀን አስቡበት።

ረቡዕንና ዓርብን ተዉ፤ የሚጾመው ሰው ስታዲየም ውስጥ የሚበላው ከኦቾሎኒና ከድንች ጥብስ አያልፍም። እንጀራ ይዘን እንግባ ካላችሁ የምግብ ሽያጩ ውል አይፈቅድም። የሚሠራው መንገድ የሀገር ምግብ ቤት አንዱን ከስታዲየሙ የምግብ ክፍል ጋር ማገናኘት ነው። የካውንቲው ጤና ቢሮ ጊዜያዊ ፈቃድና የኃላፊነት መድን ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ሳምንታት ስለሚወስዱ ከግንቦት በፊት ጀምሩ። ከትኬቱ ጋር አብራችሁ ጠይቁ፦ መዝሙር የሚዘምር ልጅ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ የሚወረውር ሽማግሌ፣ በኢኒንጎች መሐል በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ሙዚቃ። ቀድሞ ለጠየቀ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

ሦስተኛ_ቤዝ

የመጀመሪያዋን ኳስ የሚወረውረው አባት ወርዋሪው በሚቆምበት ጉብታ ላይ፣ ከመቺው ቦታ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ርቀው፣ እንዳይቆሙ። ከጉብታው ፊት ሣሩ ላይ፣ 45 ጫማ ገደማ ላይ ይቁሙ፤ ጉብታው 10 ኢንች ከፍታ አለው፣ ያልለመደ እግር ቁልቁለቱ ላይ ይስታል። ከዚያ ቀን በፊት መናፈሻ ውስጥ አሥር ኳስ ይለማመዱ፤ ከፍ አድርገው ይጣሉ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ወደ መሬት በመጣል ነው።